ከአራዳ እስከ እንጦጦ፦ ሃይማኖትና ዘመናዊ ዕውቀት የተዋዋሉባቸው ጊዜያት

በአገራችን የዘመናዊ ትምህርትና ሕክምና ታሪክ በተነሣ ቁጥር፣ ቤተ ክህነት አዲስ ነገርን ሁሉ ስትቃወም እንደኖረች፣ ቤተ መንግሥት ደግሞ ሥልጣኔን በግድ እንዳስገባ ተደርጎ ይተረካል። ፒያሳ አካባቢ የተከፈተው የመጀመሪያው ሲኒማ በነዋሪው ዘንድ «የሰይጣን ቤት» መባሉም ለዚሁ አባባል በማስረጃነት ይጠቀሳል። ስሙ እውነት ነው፤ ሰው ግን ስሙን እየጠራ ገብቶ ያይ ነበር። በአራዳና በዙሪያው የተፈጸመውን ቀረብ ብሎ የሚመረምር ሰው፣ ክርክሩ «እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም» በሚለው ጥያቄ ላይ እንዳልነበረ ይገነዘባል። የሚያከራክረው ማን ያስተምር፣ ማን ያክም፣ ልጆቻችንን ለማን አደራ እንስጥ የሚለው ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር በውል ሊያልቅ ይችላል፤ ደግሞም ከአንድ ጊዜ በላይ በውል አልቋል። ውሉ ሲፈረም ያልተጠየቁ ወገኖች ግን ነበሩ፤ ከእነርሱም ዋነኞቹ ሴቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ቋንቋና ዘመናዊ ዕውቀት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲነሡ፣ ከፍተኛው ተቃውሞ የመጣው ከጳጳሱ ከአቡነ ማቴዎስ ነበር። መምህራኑ ከአውሮፓ ከመጡ ካቶሊኮች ወይም ፕሮቴስታንቶች መሆናቸው ነው፤ ከፊደሉ ጋር ሃይማኖታቸውንም ያስገባሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከኢየሱሳውያን መምጣት ጋር ተያይዞ የፈሰሰው ደም በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ አልተረሳም ነበርና ስጋቱን ከንቱ ፍርሃት ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። አፄ ምኒልክ ጳጳሱን በሥልጣናቸው ገፍተው ማለፍ አላቃታቸውም፤ አላደረጉትም እንጂ። ይልቁንም መምህራኑ ከጳጳሱ ከራሳቸው አገርና ቤተ ክርስቲያን፣ ከግብፅ፣ እንዲመጡ ተስማሙ። ትምህርት ቤቱ በ1901 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚመሩት ግብፃዊው ሐና ሳሊብ ቤይ ነበሩ። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ገቡ፤ ግእዝና አማርኛም አልተባረሩም። ንጉሡ የፈለጉትን ትምህርት አገኙ፤ ጳጳሱም የፈሩት መምህር አልመጣባቸውም።

ስምምነቱ ሽንገላ ብቻ እንዳልነበረ የንጉሡ የራሳቸው ሕይወት ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1910 በስማቸው የተጠራው ሆስፒታል የተቋቋመላቸው አፄ ምኒልክ፣ ሕመሙ በጸናባቸው ጊዜ በአውሮፓውያን ሐኪሞች ይታከሙ ነበር፤ ፈውስ ፍለጋም ወደ ደብረ ሊባኖስ ጠበል ወርደዋል። በዚህ መካከል ቅራኔ መኖሩ ለእርሳቸው የታያቸው አይመስልም።

አሁን ወደ ሴቶቹ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው አዋጅ ዕድሜአቸው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝዝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን የገቡት ወንዶች ናቸው። በንጉሡና በጳጳሱ መካከል በተደረገው ውል የመምህሩ ሃይማኖት ሲያከራክር፣ የተማሪው ጾታ የክርክር ርእስ እንኳን ለመሆን አልበቃም። ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስከተከፈተበት እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ፣ ከሚሲዮናውያን ክፍሎች በቀር ብዙም በር አልነበረም፤ አዋጁ ከወጣ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱን የደገፉት እቴጌ መነን አብያተ ክርስቲያናትን በማሠራት የታወቁ ስለነበሩ፣ ለመዘግየቱ ተጠያቂው ሃይማኖት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የእቴጌይቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ገና ወጣት ነበሩ። በሙያው ከሠለጠኑት ቀደምት ኢትዮጵያውያት አንዷን፣ ያውም የንጉሥ ልጅ፣ ወሊድ መውሰዱ በጊዜው ስለነበረው የእናቶች ጤና ከብዙ ዘገባ የበለጠ ይናገራል። በስዊዘርላንድ የተማሩትና በፋሺስት ወረራ ዘመን በአዚናራ ደሴት የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በሕዝብ ተመርጠው የፓርላማ አባል ሆኑ። በሕክምናውም በኩል ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም በመሆን መንገድ ከፈቱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት፣ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች በሰው ጤና ላይ የሚያደርሱትን ጉዳትና የመድኃኒት ዕፅዋትን ያጠኑት የሥነ ሕይወት ምሁር ያለምፀሐይ መኮንን ናቸው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ማለት የምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ውል የተፈጸመው አራት ኪሎ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ ኃላፊነቱን የሰጡት ለካናዳ ኢየሱሳውያን፣ በተለይም ለሉሲየን ማት ነበር። አፄ ፋሲለደስ ያባረሩት ማኅበር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አመጣጣቸው ግን በሁኔታ የታሰረ ነበር፦ የካህን ልብስ አይለብሱም፣ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም፣ የሚያስተምሩት ዓለማዊውን ትምህርት ብቻ ነው። አቡነ ማቴዎስ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር የሚለውን ለአንባቢ እንተወው። ውሉ ግን ተጠበቀ። በኋላም ከዚያው ቅጥር ግቢ ማርክስንና ሌኒንን የሚያነብ፣ የአባቶቹን እምነት በግልጽ የሚጠይቅ ትውልድ ወጣ።

እምነት የለሽነት በአገራችን አደባባይ ጎልቶ የታየው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ ዕድሉ ግን ክፉ ነበር። ከአብዮቱ በፊት አንድ ሰው «አላምንም» ብሎ በአደባባይ ለመናገር ማኅበራዊ ኑሮው አይፈቅድለትም ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ አለማመን የመንግሥት ትምህርት ሆነ፤ በየውይይት ክበቡ ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት ሲሰበክ የሚያዳምጠው ሕዝብ ለመጠየቅም ሆነ ለመቃወም ነፃ አልነበረም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ። በዚሁ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ከዚያ በፊት የትኛውም አዋጅ ያልደረሰባቸውን እናቶች ፊደል አስቆጥሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የዘመኑ ጥፋት ሰዎች አለማመናቸው አልነበረም። በምኒልክና በአቡነ ማቴዎስ መካከል የነበረውን ዓይነት ንግግር፣ አንዱ ወገን ሌላውን ሳያጠፋ የሚጨርሰውን፣ ፈጽሞ መዝጋቱ ነው። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን፣ የእምነትንና የአመለካከትን ነፃነት ሲደነግግ፣ የሚያምነውንም የማያምነውንም ያቅፋል።

ሦስተኛው ውል የእኛኑ ሙያ ይመለከታል። ከአራት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሲወጣ የእንጦጦ ማርያም ጠበል ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ በዚያ ከተሰበሰቡት ሕሙማን ብዙዎቹ መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል ነው የሚል ምክር ይሰሙ ነበር። የጀመሩትን መድኃኒት ያቋረጡ ነበሩ፤ ይህ ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከሐኪሞችም መካከል ጠበልን ማንቋሸሽ የጤና ትምህርት የመሰላቸው አልጠፉም፤ ውጤቱም በሽተኛው ጠበል መሄዱን ከሐኪሙ እንዲሰውር ማድረግ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱንም በአንድነት መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታወቁ። «የሚፈውሰው ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ፣ ሕመምተኛው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ መገደዱ ግን ቀረ። ከመቶ ዓመት በፊት ግብፃውያን መምህራንን ያስመጣው ጥበብ የተለየ አልነበረም።

ቃሉ ከመንበረ ፓትርያርክ ወጥቶ እያንዳንዱ አጥማቂ ጆሮ እስኪደርስ ጊዜ መውሰዱ አልቀረም። እስከዚያው ግን ሥራውን የያዙት በየትኛውም ውል ላይ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሰዎች ነበሩ። ደካማውን ደግፈው ዳገቱን የሚያወጡት፣ የጠበሉን ጀሪካን የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ሚስት ወይም እኅት ናቸው። ክኒኑ በስንት ሰዓት እንደተዋጠ፣ በየትኛው ቀን እንደታለፈም ሐኪሙ ጠይቆ የሚረዳው ከእነርሱ ነው።