ሹመት ለምን ተሰጠ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ብዙ ሹም አጥፍቷል። ሹመትን በሌላ መንገድ የተረጐመች አንዲት መምህርት ስለ ነበረች፥ አንባቢ ሆይ፥ ታሪክዋን ባጭሩ እንመልከት።

ቨርጂኒያ ራንዶልፍ በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ ከባርነት ነጻ ከወጡ ወላጆች ተወለደች። እ.ኤ.አ. በ1892 በሄንራይኮ አውራጃ፥ ማውንቴን ሮድ በሚባል ስፍራ፥ አንዲት ክፍል ብቻ ያላት የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተሰጠቻት። በዚያ ዘመን ሕጉ ነጭና ጥቁር ልጆችን ለያይቶ የሚያስተምር ሲሆን፥ ለጥቁሮቹ የሚመደበው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነበር። እርስዋ ግን እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቤቱን ኖራ አስቀባች፤ ጭቃ የሆነውን ግቢ አስተካከለች፤ ከፊደሉ ጋራም ስፌትን፥ ምግብ መሥራትንና አትክልት መትከልን አስተማረች።

ከወላጆች አንዳንዶቹ ልጆቻችንን የላክነው መጽሐፍ እንዲማሩ ነው ብለው አጕረመረሙ። በዚህ ልንፈርድባቸው አይገባም፤ ከባርነት የወጣ ሕዝብ ልጁ ዳግመኛ ለሎሌነት እንዳይሰለጥን ቢፈራ ምክንያት አለው። እርስዋም ቂም ሳትይዝ እየቤታቸው እየሄደች አስረዳቻቸው፤ ውሎ አድሮም ረዳቶችዋ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1907 አና ጂንስ የምትባል የፊላዴልፊያ ባለጸጋ ለገጠር የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። በ1908 የአውራጃው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ጃክሰን ዴቪስ የቨርጂኒያን ሥራ ያውቅ ነበርና፥ በዚሁ ገንዘብ ለአውራጃው የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾማት። ቍጥራቸውም ከ20 በላይ ነበር። ይህ ሹመት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ አልነበረም፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው መንገድ መምታት፥ የየስፍራውን ችግር ከመምህሩና ከወላጆቹ ጋራ መምከር፥ ከዚያም አብሮ መሥራት ነበር። ስለ ሥራዋ የጻፈችው መግለጫ በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ስለ ተሠራጨ፥ በብዙ አውራጃዎች የጂንስ መምህራን የተባሉ ተቆጣጣሪዎች በርስዋ አርአያ ተሾሙ።

እ.ኤ.አ. በ1915 በስምዋ የተጠራ ትልቅ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከሩቅ ለሚመጡት ልጆች ማደሪያ ስላልነበረ፥ ብዙዎቹን በገዛ ቤትዋ አኖረቻቸው። በ1929 ሕንጻው በእሳት ሲጋይ አዘነች፤ ግን ሥራው አልቆመም፤ በጡብ እንደ ገና ተሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1949 ጡረታ ወጣች። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ለማየት ደረሰች፤ በ1958ም ዐረፈች። የለየው ሕግ ክፉ ነበር፤ እርስዋ ልትሽረው ሥልጣን አልነበራትም። ይሁን እንጂ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ልጅነት አይጠብቅም፤ የዛሬ ሰባት ዓመት ልጅ ዛሬውኑ መምህር ይሻል። ይህንን ስላወቀች ባላት ጥቂት ሥልጣን የሚቻለውን ሁሉ ሠራች።

እንግዲህ የተሾምህ ወዳጄ፥ ከምታዝባቸው ቤቶች ሁሉ አስቀድመህ ድሃውን ጐብኝ። በጓዳህ የሸሸግኸው ከሹመትህ በኋላ ያልቃል፤ ያስተማርኸው የድሃ ልጅ ግን ሌላውን ያስተምራል።