ከእንዶድ እስከ ሻምፑ

እንጅባራ ወይም ዳንግላ የሴቶች ጸጉር ቤት ገብታችሁ መደርደሪያውን እዩ። ሻምፑ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዋጋውና በጠርሙሱ ነው። እናቶቻችን ግን ሻምፑ ሳይመጣ አረፋን ያውቁ ነበር፤ እንዶድ ነበራቸው።

ተወቅጦ በውኃ የተመታ እንዶድ የሚያረፋው ሳፖኒን ስላለው ነው። የሳፖኒን አንዱ ጫፍ ውኃ፣ ሌላው ቅባት ይወዳል፤ ስለዚህ ቅባቱን ይዞ ከውኃው ጋር ይሄዳል። የፋብሪካው ሻምፑም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን በእንዶድ የመግደል ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። (የአጣቢዎቹ ስም ሽልማቱ ላይ የለም።)

ወደ ጸጉር ቤቱ እንመለስ። ባለሙያዋ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ጸጉሩ ላይ ምን እንዳለ ነው። ቅቤ ለከረመበት ሹሩባ ሰልፌት ያለው ጠንካራ ሻምፑ ይሆናል። ቀለም የተቀባ ወይም በሪላክሰር የለሰለሰ ጸጉር በዚሁ ሲታጠብ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፤ ሰልፌት የሌለው ይሻለዋል።

ሪላክሰር በተቀባበት ዕለት ግን ኒውትራላይዚንግ ሻምፑ የግድ ነው። ሪላክሰር ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ቅሪቱ የራስ ቆዳ ያቃጥላል። ብዙዎቹ ኒውትራላይዚንግ ሻምፑዎች ቅሪት ካለ አረፋቸው ሮዝ ይሆናል፤ ነጭ እስኪሆን መታጠብ አለበት። እህቶቻችን፣ ከመነሳታችሁ በፊት አረፋው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠይቁ።