የሙቀት ፍርጠጣ፦ ከአውሮፕላን ጣሪያ እስከ ጀልባ ወለል

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተሰኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ በጅራቱ በኩል ጣሪያው ይጨስ ጀመር። ውስጡ አንድም ተሳፋሪ አልነበረም። የብሪታንያ መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ ያገኙት አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ነው። የመሣሪያው የሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች ተነባብረው ክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ኮንታክት ተፈጠረ፤ የቀረውን ባትሪው ራሱ ጨረሰው።

መሐንዲሶች ይህን ባትሪው በራሱ የሚጨርሰውን ነገር «ቴርማል ራናዌይ» ይሉታል። በአማርኛ «የሙቀት ፍርጠጣ» ቢባል ያስኬዳል። «ከመጠን ያለፈ ሙቀት» ማለት አይበቃም፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር ሲያጠፉት ይበርዳልና። የፈረጠጠ ባትሪ ግን ቻርጀሩ ቢነቀልም፣ ኮንታክቱ ቢለያይም፣ ልጓሟን እንደበጠሰች በቅሎ በጀመረው ይቀጥላል።

ጉዱ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የአሉታዊው ዋልታ ስስ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል፤ መፍረሱ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ይወልዳል። ቀጥሎ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ከዚያ ተራው የአዎንታዊው ዋልታ ነው። ዋልታው ከኮባልት ወይም ከኒኬል ኦክሳይድ የተሠራ ከሆነ ሲበታተን ኦክስጅን ይለቃል፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ተቀጣጣይ ነው። የሚነደውም፣ የሚያነደውም ከውስጥ ስለሚመጣ እሳቱን አፍኖ ማጥፋት ከባድ ነው።

ሻጮች «ኬሚስትሪ» የሚሉት በዋናነት ይህን የአዎንታዊ ዋልታ ቅመም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የጀልባቸውን ከባድ የአሲድ ባትሪ አውጥተው በገዛ እጃቸው በገጣጠሙት ሊቲየም የሚተኩ ሰዎች መጀመሪያ የሚወስኑትም እርሱን ነው። ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪ ያማልላል፤ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይይዛል። ግን ለምሳሌ የቴስላ ሞዴል ኤስ ሴሎች ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው ናቸው፤ መኪናው ውስጥ ሳሉ ይጠብቃቸው የነበረው የማቀዝቀዣ ሥርዓት ደግሞ አብሮ አይመጣም። ሌላው ምርጫ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። በዚህኛው ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር አጥብቆ ስለተያያዘ በቀላሉ አይለቀቅም። በተለምዶ በሚጠቀሱት አኃዞች የኮባልት ኦክሳይድ ሴል በ150፣ የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ድብልቅ በ210፣ የብረት ፎስፌት ደግሞ በ270 ዲግሪ ገደማ ይፈረጥጣል። የብረት ፎስፌቱ ቢፈረጥጥም እንኳ የሚሰጠው ሙቀት ያነሰ ነው።

የሚገርመው የኮባልት ኦክሳይዱም የብረት ፎስፌቱም ምንጭ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦክስፎርድ ሳሉ ኮባልት ኦክሳይድን ለባትሪ አበቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብረት ፎስፌቱ ጽሑፍ አወጡ።

ቮልቱም ለብረት ፎስፌት ያደላል። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት ለሚሠራው የጀልባ መብራት፣ ፓምፕና ራዲዮ ልክ ነው። የኒኬልና የኮባልት ሴሎች ግን ሦስቱ 11 ቮልት ገደማ ሆነው ያንሳሉ፤ አራቱ ደግሞ ሲሞሉ 16.8 ይደርሱና መሣሪያውን ያሰጋሉ። ክብደቱስ? እያንዳንዳቸው 280 አምፔር-ሰዓት የሚይዙ አራት የብረት ፎስፌት ሴሎች ከ20 ኪሎ ትንሽ በላይ ይመዝናሉ። ከሆዷ ሥር የእርሳስ ወይም የብረት ሚዛን ተሸክማ ለምትሄድ የሸራ ጀልባ ይህ ምኗም አይደለም።

ይህ ማለት ግን የብረት ፎስፌት አይፈረጥጥም ማለት አይደለም። ከልክ በላይ ከተሞላ፣ ከተወጋ ወይም ኮንታክት ከተፈጠረ ይግላል፤ ነበልባል ባያወጣ እንኳ ሃይድሮጅን ያለበት ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዝ ይተፋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እየተከታተለ መስመሩን የሚቆርጠው ሰሌዳ፣ ማለትም ቢኤምኤስ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀር ዕቃ አይደለም። ሥራው ግን ፍርጠጣው ሳይጀመር ነው፤ አንዴ ከጀመረ ቢኤምኤስ የሚያደርገው ነገር የለም።

ጋዙ ምን እንደሚያደርግ ኖርዌይ ውስጥ ታይቷል። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. «ይተሮይኒንገን» በተባለችው የመንገደኛና የመኪና ማመላለሻ ጀልባ የባትሪ ክፍል እሳት ተነሣ። ጀልባዋ ወደብ ደረሰች፣ ሰዎቹ ወረዱ፣ እሳቱም ጠፋ ተባለ። በማግስቱ የተጠራቀመው ጋዝ ፈነዳ። በቤት የተሠራ የባትሪ ሳጥንም ከሰው መኝታ ተለይቶ ሊቀመጥ፣ ጋዙንም በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ሊኖረው ይገባል።