ስለ ሰማያዊ ደም የዘገየ መልስ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ ዕዳ ልክፈል። ስለ ደም ሴሎች ሳስተምር አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ሰማያዊ ደም ያለው እንስሳ አለ እንዴ?" አለችኝ። "እሱ ፊልም ላይ ነው" ብዬ ክፍሉን አሳቅኩባት። ተሳስቻለሁ፤ አለ።

ሆርስሹ ክራብ ይባላል። የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርፊት የደፋ የባሕር እንስሳ ነው። (ስሙ ሸርጣን ይሁን እንጂ ዝምድናው ለሸረሪትና ለጊንጥ ይቀርባል።) የኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ባለው ሂሞግሎቢን ነው፤ የሱ ግን መዳብ ባለው ሂሞሳያኒን ስለሆነ አየር ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል።

እኔን የገረመኝ ግን ከቀለሙ ይልቅ ሴሉ ነው። የኛን ታስታውሳላችሁ፦ ቀይ፣ አምስት ዓይነት ነጭ፣ ፕሌትሌት... ለፈተና የሸመደዳችሁት። በዚህ እንስሳ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው በዋናነት አንድ ዓይነት ሴል ነው፤ አሜቦሳይት ይባላል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ውስጡ በጥቃቅን እንክብሎች ጢም ብሎ የሞላ ነው።

የእንክብሎቹ ሥራ የታወቀው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ውድስ ሆል በሚባል የባሕር ዳርቻ ነው። ፍሬድሪክ ባንግ የተባለ ተመራማሪ እንስሳውን የባሕር ባክቴሪያ ወጋው፤ ደሙ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ረጋ። ይህንን በ1956 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በኋላ ጃክ ሌቪን ከሚባል የደም ሐኪም ጋር ሆነው ምክንያቱን ደረሱበት። ደሙን የሚያረጋው ነገር ያለው በፈሳሹ ውስጥ አይደለም፤ እነዚያ እንክብሎች ውስጥ ነው! ሴሉ ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ግድግዳ የሚወጣውን ኢንዶቶክሲን ሲያገኝ እንክብሎቹን ይተፋል፣ ደሙ ይረጋል፣ ባክቴሪያውም እዚያው ተይዞ ይቀራል።

እና ለኛ ምናችን ነው? ኢንዶቶክሲን በመርፌ ደማችን ውስጥ ከገባ ትኩሳት ያመጣል፣ ሲብስም ይገድላል። መድኃኒቱን ብታፈሉት ባክቴሪያው ይሞታል እንጂ መርዙ በቀላሉ አይጠፋም። ድሮ ለምርመራ ጥንቸል ተወግታ ለሰዓታት ሙቀቷ ይለካ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥንቸሏ ፋንታ ከአሜቦሳይት የተሠራውን መመርመሪያ መጠቀምን ፈቀደ። ዛሬ ብዙ ክትባቶችና የሚወጉ መድኃኒቶች በዚሁ ይፈተሻሉ።

ለእንስሳው ግን ቀላል አይደለም። ከባሕር ተይዞ፣ ደሙ ተቀድቶ ይመለሳል፤ ከተመለሱት የሚሞቱ አሉ። ሲንጋፖር ውስጥ ተመራማሪዎች ፋክተር ሲ የሚባለውን የሴሉን ፕሮቲን ያለ ደም ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተውታል፤ እሱም በየቦታው ሥራ እየጀመረ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ስምሽን አልጠራም፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። ያን ቀን ክፍሉን ስላሳቅኩብሽ ይቅርታ። ጥያቄሽ ትክክል ነበር።