ድንበር የበላው ትራክ

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተሩ ጋር የመጀመሪያውን የዲስክ ማከማቻ ሲያወጣ ነገሩ ቀላል ነበር። በአንድ ምሰሶ ላይ የሚሽከረከሩት 50 ሳህኖች 5 ሚሊዮን ፊደላት ይይዛሉ። መዝገቡ ሁሉ ልኩ አንድ ነው፤ 100 ፊደል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ የሆነው ሲስተም 360 ግን ይህን ሥርዓት ለወጠው። ትራክ፣ ማለትም በሳህኑ ላይ ያለው የክብ መስመር፣ እንዳልተሸነሸነ መሬት ለፕሮግራመሩ ተሰጠ። የትራኩ መጀመሪያ በምልክት ይታወቃል፤ ቀጥሎ የራሱ የትራኩ አድራሻ ይጻፋል፤ ከዚያ መዝገቦቹ ይከተላሉ። እያንዳንዱ መዝገብ ከፊቱ ቦታውንና ርዝመቱን የሚናገር 8 ባይት አለው። ከተፈለገ መለያ ቁልፍ ይጨመርለታል። በየመካከሉም ባዶ ክፍተት ይተዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በዚያ ዘመን ሜሞሪ እጅግ ውድ ስለነበረ ነው። የተፈለገውን መዝገብ በቁልፉ የሚያፈላልጉት ቻናሉና የዲስኩ ተቆጣጣሪ ሲሆኑ፣ ዋናው ፕሮሰሰር በሌላ ሥራ ላይ ይቆያል። ብልህ ዘዴ ነበር፤ ሜሞሪ ሲረክስ ግን ፍለጋው ቻናሉን አስሮ የሚይዝ ሸክም ሆነ።

የከፋው ጣጣ የቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው 3330 በአንድ ትራክ 13,030 ባይት፣ የ1980ው 3380 47,476፣ የ1989ኙ 3390 ደግሞ 56,664 ባይት ይይዛል ተባለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ቁጥር የሚሠራው ትራኩ ላይ ቁልፍ የሌለው አንድ ረጅም መዝገብ ብቻ ሲጻፍ ነው። ከቀዳዳ ካርድ ዘመን የተወረሰውን ባለ 80 ባይት መዝገብ አንድ በአንድ የጻፈ ፕሮግራመር በ3390 ትራክ ላይ የሚያገባው 78 ብቻ ነው። ይህም 6,240 ባይት፣ ከዘጠኝ እጅ አንዱ መሆኑ ነው። የቀረውን ድንበሩ ይበላዋል።

349 መዝገቦችን በ27,920 ባይት ጥቅል አስሮ ቢጽፍ ግን ሁለት ጥቅል፣ ማለትም 698 መዝገብ ይገባለታል። ፕሮግራሙ በሁለቱም መንገድ ያለ እንከን ይሠራል። ብክነቱ ለዓይን የማይታየውም ለዚህ ነው፤ ዲስኩ ሞላ ሲባል መሥሪያ ቤቱ ሌላ ይገዛል። ኋላ ላይ የጥቅሉን ልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ እንዲወስን ተደረገ፤ ቀድሞውንም የእሱ ሥራ መሆን ነበረበት።

ዛሬ እንደዚያ ተደርጎ የሚሠራ ሳህን የለም። የዘመኑ ማከማቻዎች መረጃውን በራሳቸው እኩል ክፍልፋዮች ያስቀምጡና ለሜይንፍሬሙ የ3390 መልክ ያሳዩታል። እሱም ዛሬም ድረስ 56,664 ብሎ ያሰላል።