ቀጣይ የፕሮባቢሊቲ ሥርጭቶች፦ ጠባያቸው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝናብ፣ ወርቅና ወንዝ

ቀጣይ የፕሮባቢሊቲ ሥርጭት የዝናብ መጠንን፣ የወንዝ ፍሰትን ወይም የወርቅ ክብደትን የመሰለ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ማንኛውንም ዋጋ ሊይዝ የሚችል ልኬት እንዴት እንደሚበታተን የሚገልጽ የሒሳብ ሞዴል ነው። በእንዲህ ያለ ልኬት የአንድ ነጠላ ዋጋ ፕሮባቢሊቲ ዜሮ ነው። ስለዚህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ በአሶሳ ነገ ልክ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በምንም ሳይጎድል ወይም ሳይበልጥ፣ የመዝነቡ ዕድል አይጠየቅም። የሚጠየቀው ዝናቡ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የመሆኑ ዕድል ሲሆን፣ መልሱም ዋጋዎቹ የት እንደሚበዙ ከሚያሳየው የእፍግታ ኩርባ ሥር በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ስፋት ነው። ከኩርባው ሥር ያለው ጠቅላላ ስፋት ሁልጊዜ 1 ነው።

ሥርጭቶች የሚለዩት በአማካያቸው፣ በቫሪያንሳቸው (ዋጋዎቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን)፣ ወደ አንድ ጎን በማዘንበላቸውና በጅራታቸው (ከአማካዩ በጣም የራቁት ዋጋዎች ያሉበት የኩርባው ጫፍ) ውፍረት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ በሥራ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አደጋው ያለው በጅራቱ ዘንድ ነው።

ከሁሉም ቀላሉ እኩል ሥርጭት ነው። ከሀ እስከ ለ ላሉት ዋጋዎች ሁሉ እኩል ዕድል ይሰጣል፤ አማካዩ የሁለቱ ድምር ግማሽ፣ ቫሪያንሱ ደግሞ የልዩነታቸው ካሬ ለ12 ተካፍሎ የሚገኘው ነው።

ኖርማል ሥርጭት የደወል ቅርጽ አለው፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ አማካዩና ዋጋዎቹን ለሁለት እኩል የሚከፍለው ሚዲያን አንድ ናቸው። ከዋጋዎቹ 68 በመቶ ያህሉ ከአማካዩ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪየሽን (የቫሪያንሱ ካሬ ሥር)፣ 95 በመቶ ያህሉ በሁለት፣ 99.7 በመቶ ያህሉ ደግሞ በሦስት ርቀት ውስጥ ይውላሉ። አብርሃም ደ ሟቭር በ1733 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሲሆን፣ ካርል ጋውስ በ1809 እ.ኤ.አ. ለመለኪያ ስህተት አውሎታል። ብዙ ትንንሽና ራሳቸውን የቻሉ ምክንያቶች ሲደመሩ ውጤቱ ወደዚህ ሥርጭት ይጠጋል። ከአንድ ዝርያ የተለቀመ የአሶሳ ማንጎ ክብደት በደንብ ሊገጥመው ይችላል፤ ልዩ ልዩ ዝርያ የተቀላቀለበት ክምር ግን ኩርባው ሁለት ጉብታ ሊያወጣ ይችላል።

የዝናብ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። አሶሳ በዓመት አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ አላት፤ ከግንቦት ገደማ እስከ ጥቅምት የሚዘንበው የዓመቱን እህል ይወስናል። ዝናብ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ወደ ላይ ግን በጣም ሊርቅ ይችላል። ይህን ጠባይ የሚይዘው ጋማ ሥርጭት ነው። ጋማ የቅርጽና የስኬል መለኪያ አለው፤ አማካዩ የሁለቱ ብዜት ነው፣ ቫሪያንሱ ደግሞ ቅርጹ በስኬሉ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የአንድ ወር አማካይ ዝናብ 200፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 100 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ኖርማል ሥርጭት ዝናቡ ከዜሮ በታች ለመሆኑ፣ ፈጽሞ ሊሆን ለማይችል ነገር፣ 2.3 በመቶ ዕድል ይሰጣል፤ ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ የመዝነቡን ዕድል ደግሞ 0.13 በመቶ ብቻ ያደርገዋል። አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ያው የሆነው ጋማ የመጀመሪያውን ዜሮ፣ ሁለተኛውን 1 በመቶ ገደማ ይለዋል። የስምንት እጥፍ ልዩነት ነው፤ ለድልድይና ለቦይ ሠሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ስኬላቸው አንድ የሆነ፣ ራሳቸውን የቻሉ የጋማ ዋጋዎች ሲደመሩ ድምራቸውም ጋማ ነው። የቅርጽ መለኪያው እያደገ ሲሄድ ማዘንበሉ ይቀንስና ኩርባው ኖርማልን ይመስላል። የዓመት ዝናብ ድምር በኖርማል ሲገለጽ ብዙ የማይዛባው፣ የአሥር ቀን ዝናብ ግን ጋማን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጨርሶ ያልዘነበባቸው ቀናት ለብቻቸው ይቆጠራሉ፤ ምክንያቱም ጋማ ለዜሮ ዕድል አይሰጥም። በ1993 እ.ኤ.አ. የቀረበውና ዛሬ በብዙ አገሮች ድርቅን ለመለካት የሚያገለግለው የዝናብ መለኪያ ኢንዴክስም ዝናቡን በጋማ ገልጾ ከዚያ ወደ ኖርማል ይለውጠዋል።

የቅርጽ መለኪያው 1 ሲሆን ጋማ ኤክስፖኔንሻል ሥርጭት ይሆናል። ይህ ያለፈውን የማያስታውስ ሥርጭት ነው፦ አንድ ዕቃ አሥር ዓመት ቢያገለግልም ቀሪ ዕድሜው እንደ አዲሱ ይቆጠራል። ለሚያረጅ ተርባይን ይህ አይሠራም። የስዊድኑ መሐንዲስ ዋሎዲ ዌይቡል ስሙን የሰጠው ሥርጭት ግን የብልሽት ዕድል ከዕድሜ ጋር እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ ያስችላል። የደን ባለሙያዎችም የግንድን ውፍረት ለመግለጽ ይጠቀሙበታል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በስፋት ለሚበቅለው የቆላ ቀርከሃም ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

የወርቅ መጠን ደግሞ ሎግኖርማል ሥርጭት ያስፈልገዋል። የዋጋው ሎጋሪዝም ኖርማል ሲሆን ዋጋው ራሱ ሎግኖርማል ይባላል፤ ብዙ ምክንያቶች ሳይደመሩ እየተባዙ ሲሠሩ ይፈጠራል። በደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሐንዲሱ ዳኒ ክሪገ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በወርቅ ናሙናዎች ላይ በሠራው ጥናት ይህን ሥርጭት ተጠቅሟል። የሎጋሪዝሙ ስታንዳርድ ዴቪየሽን 1 ቢሆን አማካዩ የሚዲያኑ 1.65 እጥፍ ይሆናል፤ ከአሥር ናሙና ሰባት ያህሉ ከአማካዩ በታች ይሆናሉ። በመንጌ ወይም በኩርሙክ አፈር በገበቴ የሚያጥብ ሰው አብዛኛውን ቀን ጥቂት፣ አልፎ አልፎ ብዙ የሚያገኝበትን ሁኔታ ሥርጭቱ በሚገባ ይገልጻል። በጥቂት ናሙና ብቻ የወጣ አማካይም በአንድ ሀብታም ናሙና መኖር ወይም አለመኖር ክፉኛ ይዛባል።

የየዓመቱን ትልቁን ጎርፍ ለመግለጽ በስፋት የሚያገለግለው የጉምቤል ሥርጭት ነው። ኤሚል ጉምቤል በጀርመን የፖለቲካ ግድያዎችን ያጋለጠና ከሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የተባረረ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ስለ ጽንፍ ዋጋዎች የጻፈው ዋና መጽሐፍ በ1958 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥርጭቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከአማካዩ በላይ የሚሆነው የዓመት ጎርፍ 43 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የ100 ዓመት የሚባለው ጎርፍ ደግሞ ከአማካዩ 3.14 ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይርቃል። ኖርማል ቢሆን 2.33 ብቻ ነበር።

በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በተሠራበት ቦታ እንዲህ ያለ ስሌት የግድ ነው። የዓባይ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት በሱዳን ድንበር አካባቢ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ይይዛል። ሆኖም የዓመት ድምርና የጎርፍ ጫፍ ልዩ ልዩ መጠኖች ናቸው፤ ለአንዱ የሚገጥመው ሥርጭት ለሌላው አይገጥም ይሆናል።

የ100 ዓመት ጎርፍ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ፣ በ100 ዓመት ውስጥ ደግሞ 63 በመቶ ነው። የሥርጭቱ መለኪያዎች የሚገመቱት ከተመዘገበው መረጃ ስለሆነ፣ ከ30 ዓመት መዝገብ ተነስቶ የ1,000 ዓመት ጎርፍን ማስላት ከመዝገቡ ይልቅ በተመረጠው ሥርጭት ጅራት ላይ ይመካል።