ከብስኩት ሽያጭ እስከ እግር ጉዞ፤ የተማሪ ቤት ገንዘብ አሰባሰብ ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ተማሪ ቤቶችና የሰፈር ማኅበሮች ገንዘብ ሲያጥራቸው በምን ዘዴ ይሰበስባሉ? ዘዴውስ ገንዘቡ የሚሰበሰብላቸውን ሰዎች ጤና የሚጠብቅ ነው ወይስ የሚጎዳ? ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን መጽሐፍ አይደለም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት መግዣ ይሆናል ተብሎ፣ በዕረፍት ሰዓት ከረሜላና የጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ እንሸጥ ነበር። ከሁሉ አብልጠው ይገዙን የነበሩት የታችኛው ክፍል ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚከፍሉን ለምሳ ከተሰጣቸው ገንዘብ ላይ ነበር። ሒሳቡ ሲዘጋ ለጅምላ ነጋዴው የተከፈለው ለመጻሕፍቱ ከተረፈው በልጦ ተገኘ። ያን ጊዜ ሁላችንም ትርፉ በማነሱ አዘንን እንጂ የልጆቹን ምሳ ያነሣ አልነበረም።

ምሳሌዎቻችንን ይበልጡን ከሰሜን አሜሪካ ወስደናል። ተማሪ ሻጭ የሆነበትም፣ መሸጡን ትቶ በእግሩ የሄደበትም ታሪክ እዚያ በዓመትና በቦታ ተለይቶ ይገኛልና ነው። ዓመታቱ፣ የኢትዮጵያ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሴት ልጆች ስካውት ማኅበር በአሜሪካ የተመሠረተው በ1912 በሳቫና ከተማ ሲሆን መሥራችዋ ወይዘሮ ጁሊየት ጎርደን ሎው ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ በኦክላሆማ ግዛት በመስኮጊ ከተማ የነበረ አንድ የስካውት ጓድ ብስኩት ጋግሮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ ሸጠ። በዚያን ዘመን ልጃገረዶቹ የሚጋግሩት በየቤታቸው ሲሆን እናቶቻቸው ያግዟቸው ነበር። በ1922 የማኅበሩ መጽሔት የብስኩቱን አሠራር ሲያትም የዋጋውን ግምት አብሮ አወጣ፤ ይኸውም ስድስት ወይም ሰባት ደርዘን ለመጋገር ከ26 እስከ 36 ሳንቲም፣ የአንዱ ደርዘን መሸጫ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም የሚል ነበር። ስድስቱ ደርዘን በትንሹ ዋጋ እንኳ ቢሸጥ 150 ሳንቲም ይገኛል። ወጪው በትልቁ ቢቈጠር የዚህን ሩብ አይሞላም። ትርፉ የሚገኘው ከልጃገረዶቹ ጉልበት ነበር ማለት ነው፤ ገዢውም ጋጋሪዋን በዐይኑ ያያት ነበር።

በ1934 ግን በፊላደልፊያ የነበረው ክፍል በፋብሪካ የተጋገረ ብስኩት መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ለውጡ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን የነገሩ መለወጫ እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ከእንግዲህ የምትሸጠው የእጅዋን ሥራ አይደለም፤ የፋብሪካውን ዕቃ ይዛ ከበር ወደ በር ትሄዳለች። ሰውም የሚገዛው ብስኩቱን ፈልጎ ይሁን ልጅቷን አፍሮ ለመለየት ያስቸግራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር፣ ቅቤና ዱቄት ባነሰ ጊዜ፣ በብስኩት ፈንታ የ1944 ዓመት የቀን መቍጠሪያ ተሸጠ። ማኅበሩም በዚህ አልፈረሰም። ስኳሩ በግድ የሚያስፈልግ ነገር አለመሆኑን ጦርነቱ አሳይቶ ነበር፤ ሰላም ሲሆን ግን ብስኩቱ ተመለሰ።

በዚሁ ዘመን አንዳች ዕቃ የማይሸጥበት ሌላ መንገድ ተከፈተ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፕሬዚደንት ከመሆናቸው በፊት፣ በ1921፣ የልጅነት ልምሻ በሚባለው በሽታ እግራቸው ሽባ ሆኖ ነበር። በ1938 ይህን በሽታ የሚዋጋ ድርጅት ባቋቋሙ ጊዜ፣ ኤዲ ካንተር የተባለው የራዲዮ ተጫዋች ሕዝቡ ዳይም የምትባለውን የዐሥር ሳንቲም ገንዘብ በቀጥታ ወደ ኋይት ሐውስ እንዲልክ ጠየቀ። የደረሱት ዳይሞች 2,680,000 ሲሆኑ በዶላር 268,000 መሆናቸው ነው። ሰጪው በምላሹ የተቀበለው ነገር የለም፤ ከመካከል የቆመ ነጋዴም የለም። ድርጅቱ በዚህና ይህን በመሰለ መዋጮ የዶክተር ጆናስ ሶልክን ምርምር ደገፈ፤ በ1954 ክትባቱ በ1.8 ሚሊዮን ልጆች መካከል ተፈተነ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 (ወሩም የእነርሱ ነው) ክትባቱ የሚያድንና የማይጎዳ መሆኑ ተነገረ።

የእግር ጉዞው ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በ1953 በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ዲፕሎ በሚል ስም የታወቀው ኮሜዲያን ራሞን ሪቬሮ ለካንሰር ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሳን ሁዋን እስከ ፖንሴ 80 ማይል ያህል በእግሩ ሄደ። በ1967 ካናዳ የመቶኛ ዓመት በዓሏን ስታከብር፣ ለሌሎች አገሮች ድኆች ርዳታ የሚውል ታላቅ ጉዞ ተደረገ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌስተር ፒርሰንም በኦታዋ አብረው ተራመዱ። አሠራሩ ይህ ነው፦ ተጓዡ አስቀድሞ ዘመድና ጎረቤቱን እየዞረ፣ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ማይል ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚል ቃል ያስፈርማል፤ ሲመለስ የሄደውን ቈጥሮ ይቀበላል። በ1969 በሰሜን ዳኮታ በቢስማርክ ከተማ አንድ ሺህ ያህል ሰው ለረኀብተኞች ተጉዞ 25,000 ዶላር አስገኘ። የዳይሙ ድርጅትም በ1970 በሳን አንቶንዮና በኮለምበስ ከተሞች የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ።

ይህ ሁሉ ለጤና ነበር ብለን ማመስገን አንችልም። የካናዳው መንገድ እጅግ ረጅም ስለ ነበር እግራቸው ውኃ የቋጠረና የቈሰለ ልጆች ፎቶግራፍ በጋዜጦች ይወጣ ነበር። ቃሉ በማይል ሲቈጠር፣ የደከመ ልጅ ባቆመ ቍጥር ገንዘብ ያጐደለ እየመሰለው እንዲቀጥል ይገደዳል። ሌላም ችግር አለበት፤ ባለጠጋ ሰፈር የሚኖር ልጅ አምስት ማይል ሄዶ የሚያመጣውን፣ የድኻ ልጅ ሃያ ማይል ሄዶ አያገኘውም። ዝርዝሩ በክፍል ውስጥ ሲነበብ የሚነበበው የልጁ ብርታት ሳይሆን የአባቱ ጎረቤቶች ኪስ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልማድ ጥቂት ብንዞር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በደቦ ሰው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ላቡም ራሱ አጨዳውን ይጨርሳል። በዕድር ደግሞ ሰው ገንዘቡን ይሰጣል፤ መዋጮው ለሁሉ እኩል ነው፤ የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ ጸሐፊው ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያነባል። የእግር ጉዞው በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። የተጓዡ ላብ ምንም አይሠራም፤ ጎተራ አይሞላም፣ ግድግዳ አያቆምም። የሚያደርገው ምስክርነት ነው፤ «ይህ ጉዳይ ያደክመኝ ዘንድ ይገባዋል» ይላል፤ የቀረው ሰው ያን አይቶ ይከፍላል።

ምስክርነቱ ጐልቶ የታየው በቴሪ ፎክስ ነው። ይህ የካናዳ ወጣት በ1977 በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቈረጠ። ሚያዝያ 12 ቀን 1980፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ በሰው ሠራሽ እግር ከሴንት ጆንስ ተነሥቶ አገሩን ከባሕር እስከ ባሕር በሩጫ ሊያቋርጥ ጀመረ። በየቀኑ የሚሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ይኸውም አንድ ማራቶን ሙሉ ነበር። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን በተንደር ቤይ አጠገብ ካንሰሩ ወደ ሳንባው በመዛመቱ ቆመ። ምኞቱ ከእያንዳንዱ የካናዳ ሰው አንድ ዶላር ማግኘት ነበር፤ በየካቲት 1981 የተሰበሰበው ከ24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ የሕዝቡም ቍጥር ያን ያህል ነበር። በሰኔ ወር ዐረፈ። ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ጫማና መኪና የሰጡት ድርጅቶች ቢኖሩም የማንንም ዕቃ ለማስተዋወቅ አልተስማማም። ከ1981 ጀምሮ በስሙ በየዓመቱ በሚደረገው ሩጫም የመግቢያ ክፍያ የለም፤ አንደኛ ሁለተኛ ተብሎ የሚሸለምም የለም። በመጀመሪያው ዓመት 300,000 ሰው ወጥቶ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። ተማሪ ቤቶች ዛሬም በመስከረም ወር ያደርጉታል። የሰጠና ያልሰጠ ልጅ አብረው ይሮጣሉ፤ እኛም ከላይ ላነሣነው ለድኻው ልጅ ችግር ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጣፋጭ ሽያጩ ከትምህርት ቤት አልወጣም ነበር። በመጨረሻ ነገሩን መንግሥት ያዘው። በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ጀምሮ በአሜሪካ የመንግሥት የምሳ ርዳታ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በትምህርት ቀን ለተማሪ የሚሸጥ መክሰስ ከ200 ካሎሪ እንዳይበልጥ፣ የስኳሩም ክብደት ከመቶ 35 እንዳያልፍ ተወሰነ፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሸጠውም በዚሁ ተጠቃለለ። ነገር ግን የትምህርት ቀን የተባለው ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ ትምህርት ካበቃ በኋላ እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው። በ31ኛው ደቂቃ ቸኮላታው በዚያው በር ላይ በዚያው ልጅ እጅ ሊሸጥ ይችላል። ግዛቶችም ለአንዳንድ ሽያጭ ፈቃድ መስጠት ስለሚችሉ ሕጉ ከቦታ ቦታ አንድ አይደለም።

በኛ አገር ባዛርና ቴምቦላ የቈዩ ናቸው። በሩጫ በኩል ደግሞ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ አሳቡን ያመጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ከሩጫው ጋር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰባል። ከቴሪ ፎክስ ሩጫ የሚለየው ተሳታፊው ከፍሎ ካናቴራ የሚቀበል በመሆኑና የንግድ ድርጅቶች ስም በመንገዱ ላይ በመታየቱ ነው። ይህን እንደ ነቀፌታ አንቈጥረውም፤ ያን ያህል ሰው ያለ ወጪ አይሰለፍምና።

ጥናቱን የጀመርነው አንድ ውሳኔ ስለሚጠብቀን ጭምር ነው። በአጠገባችን ላለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የደብተርና የመጻሕፍት መግዣ እንድናሰባስብ ተጠይቀን፣ በተማሪዎች ኮሚቴ ፊት ሁለት አሳብ ቀርቧል። አንዱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የለስላሳ መጠጥ ሱቅ መክፈት ነው፤ ሁለተኛው ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር መሄድ ነው። ገንዘብ ያዡ ሁለተኛውን ይቃወማል፤ ጠርሙስ ይቈጠራል፣ የሰው ቃል ግን አይቈጠርም ይላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከጉዞ በኋላ የሚሰበሰብ ቃል ብዙ ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል። ስለዚህ እኛ ያቀረብነው መዋጮው ከጉዞው በፊት እንዲከፈል፣ በሰው ስም ሳይሆን በክፍል ስም እንዲመዘገብ፣ ሒሳቡም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው። ዳገቱ ለብዙዎች ከባድ መሆኑን የካናዳ ልጆች እግር ስላስታወሰን፣ የፈለገ ከግማሽ መንገድ እንዲመለስ፣ ለክፍሉ የተመዘገበው ገንዘብም በዚህ ምክንያት እንዳይቀነስ ጨምረናል። ኮሚቴው ገና ድምፅ አልሰጠም።